ያለ ትራፓኖና ያለ ሞረድ፦ ሪቮልቨር ላይ መነጽር ማሰር

ዕድሜ ከሃምሳ ሲያልፍ በሽጉጥ አነጣጥሮ መምታት የሚከብደው እጅ ስለሚደክም ብቻ አይደለም። የሽጉጥ ማነጣጠሪያ ዓይንን በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ እንዲያይ ያስገድደዋል፦ የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዒላማ። የወጣት ዓይን በሦስቱ መካከል ቶሎ ቶሎ እየተመላለሰ ይወጣዋል። ቅርቡን ማየት ያስቸገረው ዓይን ግን ዒላማው ሲጠራለት የፊተኛው ማነጣጠሪያ ይደበዝዝበታል። ስኮፕ የምንለው መነጽር ይህን ጣጣ ያስቀራል፤ መስቀለኛው መስመርና ዒላማው እኩል ጠርተው ስለሚታዩ ዓይን አንድ ቦታ ማየት ይበቃዋል።

ችግሩ ብዙ ሪቮልቨሮች መነጽር ይታሰርባቸዋል ተብለው አለመሠራታቸው ነው። ባለቤቱም ወደ መሣሪያ ጠጋኝ ይሄድና «ቀዳዳ አውጣልኝ» ይላል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከዚያ በፊት እንዲነበብ ነው። ሽጉጡን ሳይበሱና ሳይሞርዱ፣ በፈለጉ ጊዜም ወደ ነበረበት እንዲመለስ አድርገው መነጽር ማሰር ይችላሉ።

መብሳትን የምቃወምበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ዋጋ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከ1957 ጀምሮ ሞዴል 29 ብሎ የጠራው የቀድሞ .44 ማግነም ወይም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮልት ፓይተን በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለገው እንደተሠራ ሲገኝ ነው። አንዴ የተበሳ ቀዳዳ በብሎን ይደፈናል እንጂ አይጠፋም፤ ገዢም ያየዋል። ሁለተኛው ምክንያት ይብሳል። ከከበሮው በላይ የሚያልፈው የፍሬሙ ድልድይ ቀጭን ብረት ነው። .44 ማግነም ሲተኮስ የሚፈጠረው ግፊት እስከ 36,000 ፒኤስአይ እንዲደርስ የተፈቀደ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ተኩስ የሚለጠጠው ይኸው ድልድይ ነው። በርሜሉም ላይ ቢሆን ትራፓኖው ትንሽ ከጠለቀ ጥይቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ በርሜሉን መቀየር ግድ ነው። ፋብሪካው ያወጣው ቀዳዳ ግን ጥልቀቱም ቦታውም ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ይህ ስጋት የለበትም።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የምጽፈው መሣሪያ በሕግ መያዝ ለሚችል የአሜሪካ ነዋሪ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ሪቮልቨር ላይ መነጽር ማሰርን አይከለክልም። መሣሪያውን ማን ይይዛል የሚለው ግን ለእኛ ሰው ጥንቃቄ የሚሻ ጥያቄ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይፈቀድለታል። በተማሪ፣ በሥራ ወይም በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ግን፣ የአደን ፈቃድ እንደ መያዝ ያሉት በሕግ የተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉለት፣ እንኳን ሽጉጡን ጥይቱንም መያዝ አይችልም። አደኑን የሚገዛው የየስቴቱ ሕግ ነው። ለምሳሌ ቨርጂኒያ በሽጉጥ አጋዘን ማደን በሚፈቀድባቸው አካባቢዎች ጥይቱ ቢያንስ .23 ካሊበርና 350 ፉት-ፓውንድ ጉልበት እንዲኖረው ትጠይቃለች። ደንቡ ስለሚሻሻል በየዓመቱ የሚወጣውን የአደን መጽሐፍ ያንብቡ።

መጀመሪያ ሽጉጡን ይመርምሩ

ማንኛውንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ሽጉጡን ባዶ ያድርጉ። ከበሮውን ከፍተው እያንዳንዱን ጉድጓድ በዓይንም በጣትም ይዩ፤ ጥይቱን ከሚሠሩበት ክፍል ያውጡ። ሥራው አፈሙዙን ደጋግሞ ማዞርን፣ መዶሻውን መሳብንና አነጣጥሮ ማየትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለስልክ ወይም ለቡና ተነሥተው በተመለሱ ቁጥር ከበሮውን እንደገና ይክፈቱ።

ከዚያ የፍሬሙን ድልድይ በጥሩ ብርሃን ይመልከቱት። የሚያዩት ነገር ከሦስት አንዱ ይሆናል።

የመጀመሪያው ፋብሪካው ራሱ ቦታ ያዘጋጀለት ነው። ሩገር በ1987 ያወጣው ሱፐር ሬድሆክ ከድልድዩና ከፊቱ ባለው የፍሬም ማራዘሚያ ጎንና ጎን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተፈለፈሉ ቦታዎች አሉት። የመነጽር ቀለበቶቹ ጥፍራቸውን እነዚህ ውስጥ አስገብተው ይይዛሉ፤ ከሥራቸው ያለው ጉጥም በፍሬሙ አናት ላይ ወደተቆረጠለት ቦታ ይገባል። ቀለበቶቹ ከሽጉጡ ጋር በሳጥኑ ውስጥ ይመጣሉ፤ የኋላውን ማነጣጠሪያ እንኳ መፍታት አያስፈልግም። ገና ሽጉጥ ሊገዙ ከሆነና መነጽር እንደሚያስሩ ካወቁ ያለማመንታት ይህንን እመርጥልዎታለሁ። ከሩገር ሱፐር ብላክሆክ ወገን «ሀንተር» የሚባለውም በርሜሉ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ጀርባ ተመሳሳይ ቦታ አለው።

ሁለተኛው ቀዳዳው ተደብቆ የሚገኝ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩ በርካታ ባለ ተስተካካይ ማነጣጠሪያ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች፣ ለምሳሌ 686 እና 629፣ በኋላው ማነጣጠሪያ ረጅም ምላስ ሥር ፊለቶ የወጣላቸው ቀዳዳዎች አሏቸው። ብዙ ባለቤቶች ይህን ሳያውቁ ዓመታት ያሳልፋሉ። ለማየት ከምላሱ ፊት ያለችውን አንዲት ብሎን ይፍቱና ማነጣጠሪያውን ወደ ኋላ አንሸራተው ያውጡት። ቀዳዳዎቹን ካገኙ ከባዱ ሥራ ተሠርቶልዎታል፤ ለሞዴልዎ የተሠራ ሐዲድ (የመነጽሩ ቀለበቶች የሚታሰሩበት ብረት) ከነብሎኖቹ ገዝተው ማሰር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምንም የሌለው ነው። የቆዩት ስሚዞችና ተራው የሩገር ብላክሆክ እዚህ ይገባሉ። ለእነዚህ የሚሠራው ማሰሪያ ከኋላ የማነጣጠሪያውን ቦታ ወይም ብሎን ይይዛል፤ ከፊት ደግሞ በርሜሉን ከላይና ከታች ያቅፋል። በሁለት ቦታ ስለሚያዝ ቀዳዳ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ከሦስቱ ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው እሱ ነው። እውነቱንም ልንገርዎ፤ በርሜልን በማቀፍ የሚይዝ ማሰሪያ የበርሜሉን ጥቁር ቀለም ሊያሻሽ ይችላል። ሽጉጡ አባትዎ ያወረሱዎት ወይም ቀለሙ ሳይነካ የቆየ ብርቅ ከሆነ ለመነጽር የሚሆን ሌላ ሽጉጥ ይፈልጉ። ዝገት የማይዘው ነጭ ብረት ከሆነ ግን ጭረቱ በቀላሉ ስለሚወለወል ያን ያህል አያሳስብም።

የሽጉጥ መነጽር ከጠመንጃ መነጽር ይለያል

የጠመንጃ መነጽር ከዓይን ስምንት ወይም ዐሥር ሳንቲሜትር ያህል ርቆ እንዲታይ የተሠራ ነው። ክንድዎን ዘርግተው ሽጉጥ ላይ ቢያዩት ጥቁር ቀለበትና መሃሉ ላይ ትንሽ ብርሃን እንጂ ሌላ አይታይዎትም። ለማየት ብለው ፊትዎን ካስጠጉት ደግሞ ሽጉጡ ሲነሣ ቅንድብዎን ይተረትረዋል። የሽጉጥ መነጽር ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ለሚገኝ ዓይን የተሠራ ነው፤ ሲገዙ ለሽጉጥ የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ያረጋግጡ።

የማጉላቱ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ባለ ሁለት እጥፍ ቋሚ መነጽር ለአብዛኛው የሪቮልቨር ሥራ ይበቃል። የማጉላት ኃይሉ ከፍ ባለ ቁጥር ዓይን የሚቆምበት ቦታ ይጠብባል፤ የእጅዎም ንቅናቄ አብሮ ይጎላል፤ ምስሉን ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ አጋዘኑ ደግሞ አይጠብቅም። ከሁለት እስከ ሰባት የሚስተካከለው ዓይነት ወረቀት ላይ ከድጋፍ ለሚተኩስ ሰው ደስ ይላል። ለጫካ ግን ሁለቱ ላይ ይተዉት።

ቀይ ነጥብ የሚያሳየውንም መነጽር ሳያስቡበት አይለፉ። አያጎላም፤ ነገር ግን ዓይንዎ የትም ርቀት ላይ ቢሆን ነጥቡ ይታያል፤ ትንንሾቹ ዓይነቶችም ክብደታቸው ከቁጥር አይገባም። ክብደት ቀላል ሲሆን ማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ጉልበትም ይቀንሳል፤ ለሦስተኛው ዓይነት ሽጉጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እስከ 50 ያርድ ድረስ ለሚያድን ሰው እኔ ቀይ ነጥቡን አስቀድማለሁ። ባትሪውን በየአደን ወቅቱ መጀመሪያ መለወጥ እንዳይረሱ።

ሐዲዱና ቀለበቱ መስማማታቸውንም ሳይገዙ ይለኩ። ዊቨር የሚባለው ሐዲድ ጎድጓዳዎች ስፋታቸው 0.180 ኢንች ያህል ነው፤ የፒካቲኒው 0.206 ኢንች ነው። ስለዚህ ለዊቨር የተሠራ ቀለበት ፒካቲኒ ላይ ይገባል፤ ለፒካቲኒ የተሠራው ግን ዊቨር ላይ እንቢ ሊል ይችላል። የመነጽሩም ቱቦ ወይ አንድ ኢንች ወይ 30 ሚሊሜትር ስለሆነ ቀለበቱ በዚያው ልክ መሆን አለበት። ለ.44 ማግነምና ከዚያ በላይ ሦስት ቀለበት መጠቀም ብልህነት ነው።

የሚያስፈልግዎት

ጫፋቸው ለብሎኑ ራስ ልክ የሚሆን ካቻቪቴዎች፣ ብሩጎላ ወይም ባለ ኮከብ ቁልፍ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በኢንች-ፓውንድ የሚለካ ካቻቪቴ፣ ከናስ የተሠራ የፒን ማውጫና ትንሽ መዶሻ፣ አልኮል፣ ሰማያዊው ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ)፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ጥቂት ናስትሮ። ሞርሳ ካለዎት መንጋጋውን በቆዳ ወይም በጨርቅ ይሸፍኑት። የቤት ካቻቪቴ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ከብሎኑ ጎድጓዳ ይንሸራተታል፤ ሽጉጦች ላይ የሚታየው አብዛኛው ጭረት የመጣውም በዚህ ነው። ለዚህ ሥራ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተሞረደውን ይግዙ።

የቆየውን ማነጣጠሪያ ማውጣት

ከመፍታትዎ በፊት የከፍታ ማስተካከያዋን ብሎን በቀስታ ወደ ታች እያዞሩ እስክትቆም ስንት ዙር እንደሄደች ይቁጠሩና ይጻፉ። አንድ ቀን መልሰው ሲገጥሙት ይህች ቁጥር ብዙ ጥይት ታድንልዎታለች።

የስሚዙ አወጣጥ ከላይ እንዳልኩት ነው። የብላክሆኩ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ማነጣጠሪያው ከፊቱ በአንዲት አግዳሚ ፒን ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ከሥሩ ደግሞ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ሁለት ሞላዎች ወደ ላይ ይገፉታል። የከፍታዋ ብሎን ስትወጣ ማነጣጠሪያው በሞላዎቹ ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። ፒኗን ከመምታትዎ በፊት አውራ ጣትዎን ማነጣጠሪያው ላይ ይጫኑ፤ ሽጉጡንም በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ይሥሩ። ያለበለዚያ ሞላዎቹ ዘለው ምንጣፍ ውስጥ ይገባሉ፤ በባትሪ መብራት ተንበርክከው ቢፈልጓቸውም የመገኘታቸው ነገር እንጃ። ፒኗን በናሱ ማውጫ ቀስ አድርገው ይምቷት። እንቢ ካለች አንድ ጠብታ ዘይት አድርገው ያሳድሯት።

የወጣውን ሁሉ፣ ማነጣጠሪያውን፣ ፒኗን፣ ሞላዎቹን፣ ብሎኗን፣ ዙሩን የጻፉበትን ወረቀት ጭምር፣ በአንድ ከረጢት አድርገው የሽጉጡን ሞዴል ይጻፉበትና ሽጉጡ በሚቀመጥበት ካዝና ውስጥ ያኑሩት። ሽጉጡ ወደ ነበረበት ይመለሳል የምንለው ይህ ከረጢት እስካለ ድረስ ነው።

ማሰሪያውን መግጠም

መጀመሪያ ያለ ሎክታይት ይሞክሩት። ሐዲዱ በፍሬሙ ላይ ሳይወዛወዝ መተኛት አለበት፤ በአንድ ጫፍ ሲጫኑት ሌላው ጫፍ ከተነሣ ሞዴሉ ልክ አይደለም፤ በብሎን ኃይል እንዲተኛ አያስገድዱት። እንዲህ የተጠማዘዘ ሐዲድ መነጽሩንም ያጣምመዋል።

ብሎኖቹ በርዝመት ሊለያዩ ይችላሉ። የድልድዩ ቀዳዳዎች ወደ ከበሮው መስኮት የሚያልፉ ከሆነ የረዘመ ብሎን ጫፉን አውጥቶ ከበሮውን ይነካል። ስለዚህ እያንዳንዱን ካጠበቁ በኋላ ከበሮውን ዘግተው ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩት፤ መዶሻውንም ደጋግመው ይሳቡ። የትም ቦታ ላይ ሸከር ካለ ብሎኑን አውጥተው የመመሪያውን ሥዕል እንደገና ይዩ።

ልክ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሁሉንም ፈትተው ቀዳዳዎቹንና የብሎኖቹን ጥርስ በአልኮል ይጥረጉ። ዘይት ካለ ሎክታይቱ አይይዝም። በእያንዳንዱ ብሎን ጥርስ ላይ አንድ ትንሽ ጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት ያድርጉ፤ ቀዩን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ቀዩ ያለ ከፍተኛ ሙቀት አይፈታም፤ ከፍተኛ ሙቀት ደግሞ የፍሬሙን ቀለም ያበላሻል። ብሎኖቹን በየተራ በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቁ አምራቹ የጻፈው ልክ ድረስ ይሂዱ፤ ከዚያም አንድ ሌሊት ይተዉት።

በርሜል ለሚያቅፈው ዓይነት የሚጨመር ምክር አለኝ። ቀለሙን ለመጠበቅ ብለው በማሰሪያውና በበርሜሉ መካከል ጎማ ወይም ወፍራም ናስትሮ አያስገቡ። ለስላሳ ነገር በተኩስ ብዛት እየተጨፈለቀ ይሳሳል፤ ማሰሪያውም ሳያውቁት ይላላል። አምራቹ ራሱ የሚለበስ ነገር ካልሰጠዎት ብረት በብረት ላይ ይረፍ። እንዲሁም ማሰሪያው በርሜሉን እንጂ ከበርሜሉ ሥር ያለውን የቀለሃ ማውጫ ቤት እንዳይዝ ይጠንቀቁ፤ ብላክሆክ ላይ ይህ ቤት የተያዘው በአንዲት ብሎን ብቻ ስለሆነ ጉልበት አይችልም። የፊቱንና የኋላውን ብሎኖች በየተራ ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቁ ይሂዱ፤ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱ ሐዲዱ ከበርሜሉ ጋር አንድ መስመር አይሆንም።

መነጽሩን ማስቀመጥ

የቀለበቶቹን የታችኛውን ግማሽ ሐዲዱ ላይ ሲያስቀምጡ ከማጥበቅዎ በፊት ወደ አፈሙዙ ገፍተው ከጎድጓዳው የፊት ግድግዳ ጋር ያገናኟቸው። ምክንያቱ ይህ ነው። ጥይቱ ሲወጣ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ መነጽሩ ግን ክብደቱ ይይዘውና ባለበት ሊቀር ይፈልጋል፤ አውቶቡስ በድንገት ሲነሣ የቆመ ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንደሚቀረው ማለት ነው። ስለዚህ ከሽጉጡ አንጻር መነጽሩ ሁልጊዜ የሚሸሸው ወደ ፊት ነው። ቀለበቱ ከፊት ግድግዳው ጋር ቀድሞ ከተገናኘ መሄጃ የለውም። ትንሽ ክፍተት ከተዉለት ግን በእያንዳንዱ ተኩስ እንደ መዶሻ ይመታል፤ ዒላማዎም አብሮ ይዋልላል። ሪቮልቨር ላይ መነጽር ከታሰረ በኋላ የሚነሣው አብዛኛው ቅሬታ ከዚህች ክፍተትና ዘይት ከነካው ቀለበት የሚመጣ ነው።

የቀለበቶቹን ውስጥና የመነጽሩን ቱቦ በአልኮል ጠርገው መነጽሩን ያስቀምጡ፤ የላይኛውን ግማሽ ሳያጠብቁ ይግጠሙ። አሁን ባዶውን ሽጉጥ እንደሚተኩሱ ሆነው ይያዙ፤ ዓይንዎን ጨፍነው ክንድዎን ይዘርጉ፤ ከዚያ ይግለጡ። ምስሉ ሙሉ ክብ ሆኖ ከታየ ቦታው ልክ ነው። ጠርዙ ከጠቆረ መነጽሩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱ። ቆመው ብቻ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተደግፈውም ይሞክሩት፤ ሲደገፉ ክንድ ስለሚታጠፍ ዓይን ወደ መነጽሩ ይቀርባል።

ቦታውን ከመወሰንዎ በፊት አራት ነገሮችን ይፈትሹ። መዶሻው እስከ መጨረሻው ሲሳብ የመነጽሩን የኋላ ጫፍ አይንካ፤ አውራ ጣትዎም መግቢያ ይኑረው። ከበሮው ወደ ጎን ሲከፈት ወይም የብላክሆኩ መጉረሻ በር ሲገለጥ ምንም አያግደው። ባዶ ቀለሃዎች ሲወጡ በመነጽሩ የጎን ማስተካከያ ጉብታ ላይ ተጋጭተው አይመለሱ። አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ ከበሮውና በርሜሉ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት በእያንዳንዱ ተኩስ እሳትና የእርሳስ ብናኝ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይፈነጥቃል። ድልድዩ አብዛኛውን ይመክታል፤ የተረፈው ግን በመነጽሩ ሆድ ላይ ጥላሸት ሆኖ ይጋገራል። የፊት መስታወቱ ከዚህ ክፍተት በላይ እንዳይውል አድርገው ያስቀምጡት፤ የቱቦውን ሆድ ደግሞ በአንድ ንጣፍ ናስትሮ ይሸፍኑት።

ቀጥሎ መስቀሉን ማቅናት ነው። ሽጉጡን በሞርሳው ይያዙ፤ ውሃ ልኩን ሐዲዱ ላይ አግድም አድርገው ያስተካክሉ። በአሥር ያርድ ያህል ርቀት ቱንቢ ይስቀሉና የመስቀሉ ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር አንድ እስኪሆን መነጽሩን ያዙሩ። ከዚያ የቀለበቶቹን ብሎኖች በየተራ ያጥብቁ፤ በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ብዙ አምራቾች ለቀለበት የሚጽፉት ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ ነው፤ የእርስዎ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ቱቦውን ያጎደጉዳል፤ ውስጥ ያሉትንም ክፍሎች ያጣብቃል። ቀለበት ላይ ሎክታይት አልጠቀምም፤ ቱቦው ላይ ከፈሰሰ ለማጽዳት ያስቸግራል።

በመጨረሻ ከፊተኛው ቀለበት ፊት ለፊት ቱቦው ላይ በቀጭኑ ናስትሮ ይለጥፉ፤ ጠርዙ ከቀለበቱ ጠርዝ ጋር ይግጠም። መነጽሩ ከተንሸራተተ በናስትሮውና በቀለበቱ መካከል የምትታየው ቀጭን ስንጥቅ ትነግርዎታለች።

ዒላማ ማስያዝ

በጠመንጃ ቃታውን አውጥቶ በበርሜሉ ውስጥ ማየት ይቻላል። በሪቮልቨር የፍሬሙ የኋላ ግድግዳ ስለሚጋርድ አይሆንም። አፈሙዝ ላይ የሚገባ የሌዘር መጠቆሚያ ካለዎት ይጠቀሙ፤ ሥራው ሲያልቅ ከአፈሙዙ ማውጣትዎን ሁለቴ ያረጋግጡ። ከሌለዎት ትልቅ ካርቶን ይዘው ከአሥር ያርድ ይጀምሩ። የዓይንና የጆሮ መከላከያ ያድርጉ፤ አጠገብዎ የቆመውም ያድርግ።

በአሸዋ ከረጢት ሲደገፉ ከረጢቱ ከበሮውና በርሜሉ የሚገናኙበት ቦታ አጠገብ አይሁን፤ የሚፈነጥቀው እሳት ጨርቁን ይቀደዋል። የግራ እጅዎም ጣቶች ከዚያ ቦታ ይራቁ። መነጽር ሲታሰር ሽጉጡ ፊቱ ስለሚከብድ እጅ ሳያውቀው ወደ ፊት ሄዶ በርሜሉን ለመደገፍ ይቃጣዋልና ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ይከላከሉት። በማግነም ጥይት ጣት እዚያ ላይ ከዋለ ጉዳቱ ከባድ ነው።

በአሥር ያርድ ጥይቱ ከመስቀሉ አንድ ተኩል ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ቢመታ ተስማምቷል ማለት ነው፤ መነጽሩ ከበርሜሉ በላይ ስለተቀመጠ ነው። ከዚያ ወደ 25 ያርድ ይሂዱ። በአንድ ጥይት ፈርደው አያስተካክሉ፤ አምስት ተኩሰው መሃላቸውን ይውሰዱ። በመነጽሩ ክዳን ሥር የተጻፈው አንድ ቀጭታ ሩብ ደቂቃ (የማዕዘን መለኪያው ደቂቃ ማለት ነው) ከሆነ፣ በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ያህል፣ በ25 ያርድ ደግሞ የዚያን ሩብ ብቻ ያንቀሳቅሳል። በ25 ያርድ አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ 16 ቀጭታ ያስፈልጋል፤ ሁለት ኢንች ዝቅ ካለብዎት 32። የሽጉጥ መነጽሮች ቀጭታ ግማሽ ወይም ሙሉ ደቂቃም ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን አንብበው ያስሉ። በ25 ያርድ ከተስማማ በኋላ ወደ 50 ይሂዱና በሚያድኑበት ጥይት ይጨርሱት። 240 ግሬን ጥይት ላይ የተስማማ መነጽር 180 ግሬን ሲያጎርሱት ሌላ ቦታ ይመታል።

መነጽሩ አንድ ሌላ ምሥጢር ያወጣል። አብዛኛው ሪቮልቨር ስድስት ጉድጓድ አለው፤ ስድስቱ ከበርሜሉ ጋር የሚገጥሙት ፍጹም እኩል ላይሆን ይችላል። ከበሮው ላይ በሚለቅ ቀለም ከአንድ እስከ ስድስት ይጻፉና እያንዳንዱ ጉድጓድ የመታበትን ለይተው ይመዝግቡ። ሁልጊዜ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚወጣ አንድ ጉድጓድ ካገኙ ለአደን ሲወጡ የመጀመሪያው ተኩስ በእሱ እንዳይሆን ያድርጉ። በባዶ ዓይን ሲተኩሱ ይህን ልዩነት ከራስዎ ስሕተት መለየት አይቻልም።

ከመጀመሪያው ቀን ተኩስ በኋላ ናስትሮውን ይመልከቱ፤ የሐዲዱን ብሎኖች ልካቸው ላይ መሆናቸውን ይፈትሹ። ከተንሸራተተ የበለጠ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ፈትተው ዘይቱን ጠርገው፣ ወደ ፊት ገፍተው እንደገና ይሠሩት።

መያዝና መመለስ

መነጽር የታሰረበት ሪቮልቨር ወደ ቀድሞ ማኅደሩ አይገባም። ደረት ላይ የሚታሰረው ሰፊ ማኅደር ይሻላል፤ መነጽሩም ከቁጥቋጦ ይጠበቃል። ዝናብ ከመታው ቀን በኋላ በርሜል አቃፊውን ማሰሪያ ፈትተው ያድርቁ፤ ውሃ በሁለቱ ብረቶች መካከል ተቆልፎ ሲያድር የሚያወጣው ዝገት የማሰሪያውን ቅርጽ በርሜሉ ላይ ያትመዋል። መልሰው ሲገጥሙት ዒላማውን እንደገና ያስይዙ።

ሽጉጡን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሲወስኑ መጀመሪያ መነጽሩን፣ ከዚያ ቀለበቶቹን፣ ከዚያ ሐዲዱን ይፍቱ። ሰማያዊው ሎክታይት በእጅ ካቻቪቴ ይላቀቃል፤ እንቢ ያለ ብሎን ካለ የብየዳ ብረት ጫፍ ራሱ ላይ ለትንሽ ጊዜ አሳርፈው ያሙቁትና ይሞክሩ። ቀዳዳዎቹን በአልኮል ጠርገው ድልድዩንና በርሜሉን በቀጭኑ ዘይት ይቀቡ። ከረጢቱን ያውጡ፤ የብላክሆክ ከሆነ ሁለቱን ሞላዎች በየቤታቸው በጥቂት ቅባት አጣብቀው ያቁሙ፤ ማነጣጠሪያውን በአውራ ጣት ተጭነው ፒኗን ይመልሱ፤ የከፍታዋን ብሎን እስክትቆም ካስገቡ በኋላ የጻፉትን ያህል ዙር ወደ ላይ ይመልሷት። ከዚያ 25 ያርድ ላይ አምስት ጥይት ተኩሰው ያረጋግጡ፤ የመነጽሩንም ሐዲድ ከነብሎኖቹ በዚያው ከረጢት ያስቀምጡት።